የ2019 እንቁጣጣሽ አርብ ይውላል፤ ለግቢው ሰው ምን ልሥራ?

አዲስ ጎጆ፦

ሰላም የጅማ ልጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ነሐሴ ሊወጣ ነው። ጳጉሜ ደግሞ አምስት ቀን ናት፣ ሳናያት ታልፋለች። እኔ ከአሁኑ ጭንቅ ይዞኛል። በራሴ ቤት የማከብረው የመጀመሪያው እንቁጣጣሽ ነው። እስከ ዛሬ እናቴ ቤት ነበርኩ፤ የእኔ ሥራ ሽንኩርት መላጥና ቄጤማ መጎዝጎዝ ነው፣ ወጡ ጋ አያስጠጉኝም። አሁን አግብቼ፣ በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ከደብረ ብርሃን ጅማ መጥቼ፣ ድስቱም ጣጣውም የራሴ ሆኗል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። መስከረም 1 ቀን 2019 አርብ ነው። ባለቤቴ «ገና ዘንድሮ ረቡዕ ውሎ ዶሮ በልተን የለ እንዴ? እንቁጣጣሽ ከገና በምን ያንሳል? ገና ከፍልሰታ መውጣታችን ነው» እያለ ይከራከረኛል። እኔ እንደማይበላ ነው የማውቀው፣ ግን ስለሱ የሚያውቅ ሰው እዚህ ይጻፍልኝና ላሳየው።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ግቢው ነው። አራት ቤት ነን። አከራያችን ሙስሊም እናት ናቸው፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው አብረዋቸው አሉ። ከጀርባ ከዳውሮ የመጡ ባልና ሚስት አሉ፣ ፕሮቴስታንት ናቸው፣ ረቡዕና አርብ አይጾሙም። በሩ ጋ ያለችው ክፍል ውስጥ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ አለች፣ ለበዓሉ አገሯ አትሄድም። አረፋ ላይ አከራያችን ሥጋ ያልነካው ምግብ ለብቻው አሠርተው፣ ሙሉ ትሪ አሸክመው ልከውልናል። እና እኔ በራሴ በዓል በሬን ዘግቼ ልበላ? አይሆንም።

እንግዲህ ምን ትላላችሁ፣ ግብዣውን ወደ ቅዳሜ ልግፋው ወይስ አርብን በጾም ላድርገው? ቅዳሜ ከሆነ ሥጋው ለእነማማ እንዴት ይሆናል፣ ማንስ ያርዳል? አርብ ከሆነስ በዓል በዓል የሚሸት የጾም ምግብ ምን አለ? በጠቅላላው አሥራ አምስት ሰው እንሆናለን። መጠጡንም ንገሩኝ። ገንዘብ ብዙ የለንም፣ ይህንንም አስቡልኝ።

የሂርማታ ልጅ፦

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። የጅማ ዝናብ ብቻ እንዳያማርርሽ እንጂ ሰውስ ደህና ነው።

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ የጾሙን ሕግ ሌሎቹ ይንገሩሽ። ስለ ጎረቤቱ ግን እኔ ልናገር። አርብ መዋሉ ለአንቺ ሲሳይ ነው። ሥጋ ያለበት በዓል ሲሆን ችግሩ ሁሌ ያው ነው፤ የእናንተን እርድ እኛ አንበላም፣ የእኛን እናንተ አትበሉም፣ ስለዚህ አብሮ መብላት ከተፈለገ ሁለት በግ፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ወጥ ሠሪ ያስፈልጋል። ሰርግ ላይ ለምደነዋል። ለሙስሊሙ እንግዳ ሙስሊም ያርዳል፣ ወጡንም የኛ ሴቶች ከወዲያ ማዶ ለብቻ ይሠሩታል፣ ማንም ቅር አይለውም። ግን ያ ሰርግ ነው፣ ዕድር ሁሉ የሚረባረብበት። አንድ ጀማሪ ጎጆ ይህን ሁሉ ልሸከም ካለ ጥቅምትን በብድር ነው የሚያየው። የጾም ምግብ ከሆነ ግን እርድ የለም፣ ጥያቄ የለም፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። ስለዚህ አርብ አድርጊው።

አንድ ነገር ግን አስቢበት። አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች ከምግቡ ይልቅ ድስቱ ነው የሚያሳስባቸው፣ ሥጋ የተሠራበት ይሆን ብለው። አፍ አውጥተው አይናገሩትም። ቡናቸውን ጠጥተው «ጠግቤ ነው የመጣሁት» ብለው ይነሳሉ፣ አንቺም ምግቤን ናቁት ብለሽ ትብሰለሰያለሽ። መፍትሄው ቀላል ነው። ትልቁን ድስት ከአከራይሽ ተዋሺ። «እማማ፣ ለአርብ ድስትዎን ያውሱኝ» በያቸው። ድስቱ የራሳቸው ከሆነ ነገሩ አለቀ፣ ደግሞ ገና ሳትጠሪያቸው መጠራታቸውን ያውቃሉ።

ሰዓቱንም ተጠንቀቂ። አርብ ጁምዓ አለ። ወንዶቹን ስድስት ሰዓት ላይ ከጠራሽ ማንም አይመጣልሽም። ተሰግዶ፣ ሰው ቤቱ ገብቶ፣ ልብሱን ቀይሮ እስኪመጣ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ዘጠኝ ሰዓት ብትይው ለሁሉም ይመቻል። ለእናንተም ለጾሙ ሰዓት ይሆናል መሰለኝ።

ሌላው ነገር፣ በእምነቱ ምክንያት የሌላውን በዓል ምግብ የማይቀምስ ሰው አለ። ቢቀር አትቀየሚ። እንቁጣጣሽ የዘመን መለወጫም ስለሆነ ከገናና ከፋሲካ ይቀላል፤ ሆኖም «በሞቴ» እያልሽ አፉ ላይ ጉርሻ አትደቅኚ። ቡና ከጠጣልሽ መጣ ማለት ነው።

መጠጥ ካልሽ ጠላውን ጓዳ አድርጊውና ፊት ለፊት ብርዝና ቀሪቦ ይቅረብ። ጅማ ሆኖ ማር ፍለጋ አትቸገሪም።

ኮረሪማ፦

ልጄ፣ ይህን ለባልሽ አሳዪው። ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይም አርብ ሲውሉ ይበላል፣ የእነሱ ነገር የተለየ ነው። ከትንሣኤ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀንም እንዲሁ። እንቁጣጣሽና መስቀል ግን ጾሙን አይሽሩትም። ለዚያ ነው ገና ዘንድሮ ረቡዕ ውሎ ዶሮ የበላው፣ መስከረም 1 ግን የማይበላው። አዲስ ነገርም አይደለም፤ 2013 አርብ ነበር የዋለው፣ 2017 ረቡዕ ነበር። ያኔ ምን በላ? መስቀል ደግሞ እሑድ ነው፣ ክትፎውን ለዚያ ያቆይ። በዚያ ላይ መስቀል ሲመጣ ዳውሮዎቹ ጎረቤቶችሽ የሚያደርጉትን ታያላችሁ፣ ያኔ ተጋባዦቹ እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ ምግቡ። የጾም በዓል የሚበላሸው የዘወትሩን ሽሮና ክክ በትልቅ ድስት ሠርቶ በዓል ነው ሲሉት ነው። ሰው በዓል መሆኑን የሚያውቀው ወጡ ጊዜ የፈጀ ሲሆን ነው፣ በር ላይ ሲደርስ የቁሌቱ ሽታ ሲቀበለው። ስለዚህ የሽምብራ አሳ ሥሪ። ልጆቹ የዛሬዎቹ ረስተውታል፣ እናቶቻችን ግን ለእንግዳ የሚያቀርቡት የጾም ወጥ እሱ ነበር።

ቁሌቱን ልክ እንደ ዶሮ ወጥ ነው የምታደርጊው። ለአሥራ አምስት ሰው ሦስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በደንብ ደቆ ይከተፍ። መጀመሪያ ያለ ዘይት በደረቁ ይቁላላ፤ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ እያደረግሽ፣ እሳቱን ሳታበዢ፣ ሽንኩርቱ ሟሙቶ ቀለሙ እስኪለወጥ። የሚቸኩል ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ከዚያ ዘይት፣ ቀጥሎ በርበሬ፣ ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ እሱም ረጋ ብሎ ቢያንስ ሌላ አንድ ሰዓት ይብሰል። ቅቤ የለም ብለሽ አትዘኚ። ከአንድ ቀን በፊት ዘይቱን እንደ ቅቤ አንጥሪው፤ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ትንሽ ነጭ ሽንኩርት ጨምረሽ በትንሽ እሳት አሙቂና አጥልዪው። ኮረሪማውን የተፈጨ አትግዢ፣ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ኮረሪማ እዚሁ ዙሪያችን ካለው ጫካ ነው የሚመጣው፣ ከነልጣጩ ገዝተሽ ቤት ፈልፍለሽ ውቀጪው። ሽታው ሌላ ነው።

ሊጡ ደግሞ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ የሽምብራ ዱቄት፣ የተፈጨ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ትንሽ በርበሬ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ አንድ የቡና ስኒ ዘይት። ለብ ባለ ውሃ ጠንከር አድርገሽ ለውሺው፣ ከቀጠነ ዘይት ውስጥ ይበተናል። ጣት ውፍረት አድርገሽ ዳምጪውና በአሳ ቅርጽ ቁረጪው። ዓይኑንና ቅርፊቱን ለማማ የልጅ ልጆች ስጪያቸው፣ በስንጥር ይሥሩት፣ ግማሽ ቀን ዝም ይሉልሻል። ከዚያ መካከለኛ እሳት ላይ ጥበሺው። ወጡ ውስጥ የምትጨምሪው ሊወጣ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው። ቀደም ካልሽ መረቁን ሁሉ ይጠጣብሻል፤ ለዚያውም ወጡን ከወትሮው ቀጠን አድርጊው።

ከጎኑ የሚቀርበው ብዙ መሆን የለበትም። ጎመን፣ ድንች በካሮት አልጫ፣ አዚፋ ሰናፍጩ በዛ ያለ፣ ቀይ ሥር። ስልጆ ከወደድሽ ከአሁኑ ጀምሪው፣ መኮምጠጫ ቀናት ይፈልጋል። እንጉዳይ ካገኘሽ ደግሞ በቃሪያና በሽንኩርት ጥበሺው፣ ጥብስ የናፈቀው ባልሽ ዝም ይላል። ግን ገበያ ላይ ከሚሸጠው፣ ከሚታወቀው ብቻ። በዚህ ዝናብ ግቢ ውስጥ ከበቀለው እንዳትነኪ።

ምን ችግር አለው፦

ሰው ሁሉ ረጅም ጻፈ። ሐሙስ ጳጉሜ 5 የፍስክ ቀን ነው። ዶሮዋን ሐሙስ ማታ ሥሪለት፣ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ በልቶ ይተኛ። አርብ ከሰው ጋር የጾሙን ብሉ። የተረፈውን ዶሮ ቅዳሜ ጠዋት አሙቃችሁ ጨርሱት። አለቀ።

ኮረሪማ፦

አንተ ልጅ፣ ሐሙስ ሌሊት ዶሮ፣ በዚያው ሌሊት ዳቦ፣ አርብ ጠዋት የአሥራ አምስት ሰው ወጥ፣ ሁሉንም አንዲት ሴት ናት የምትሠራው? ዶሮ የፈለገ ራሱ ይገነጣጥል።

የጊቤ ዳር፦

ለምን አሳ አታደርጊም? ከግልገል ጊቤ ግድብ የሚወጣ ቆሮሶ ጅማ ይመጣል፣ የአዲስ አበባን መንገድ ይዛችሁ ስትሄዱ ያለው ማለቴ ነው። አሳ አይታረድም፣ ሙስሊሙም ይበላል፣ ጴንጤውም ይበላል። ጉላሽ አድርጊው፣ ሲሆን ሲሆን ጥቂቱን ጥበሺው። የምን የሽምብራ አሳ ነው እውነተኛው እያለ!

ሰንበቴ፦

አሳ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር እባካችሁ እዚህ አትጀምሩት፣ እስከ ጥምቀት አያልቅም። ገሚሱ ይበላል፣ ገሚሱ ጫፉን አይነካም። የራስሽን ከንስሐ አባትሽ ጠይቂ። እስከ ስንት ሰዓት እንደምትቆዪም እሳቸውን ጠይቂ፣ እዚህ ከሚጻፈው የሳቸው ይሻላል። በበኩሌ ግን አሳውን ለሌላ ቀን ባይ ነኝ፤ ለአሥራ አምስት ሰው የሚበቃ አሳ ገዝተሽ፣ አጽድተሽ፣ በዚያ ላይ ለልጆች እሾህ ስትለቅሚ ልትውዪ ነው? በዚያ ሁሉ ገንዘብ ሌላው ምግብ በሙሉ ይወጣል።

ለገበያው አንድ ምክር። ጅማ ላይ ከጥንት ከሂርማታ ገበያ ጀምሮ ሐሙስ ትልቅ ቀን ነው። ዘንድሮ የበዓሉ ዋዜማ ራሱ ሐሙስ ላይ ወድቋል። እዚያ ቀን ሽንኩርት ልገዛ ብለሽ እዚሁ ጅማ መርካቶ ብትገቢ ጭቃው አንድ ግፊያው አንድ፣ ዋጋውም እንደ ሻጩ አመል ነው። ሽንኩርት፣ ድንች፣ ሽምብራ ዱቄት፣ በርበሬ ቀደም ብለሽ ጨርሺ። ለሐሙስ የሚቀረው ጎመንና ቄጤማ ብቻ ይሁን።

አዲስ ጎጆ፦

እናንተ ባትኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር! ለባለቤቴ አነበብኩለት። 2013 እና 2017ን ሲሰማ ትንሽ አሰበና «ያኔ እናቴ ቤት ነበርኩ፣ የቀረበልኝን ነው የበላሁት» አለ። ክርክሩ በዚሁ ተዘግቷል። የሐሙሱን ዶሮ ነገር ግን ልቡ ውስጥ አስገብታችሁበታል።

ድስቱንም ጠየቅኩ። እማማ ድስቱን ብቻ አይደለም፣ ትልቁን ጀበናና የቡናውን ረከቦት ጭምር «ውሰጂ» አሉኝ። ቡናውን እኔ ነኝ የማፈላው ብለዋል።

አሁን የቀሩኝ፦ የሂርማታ ልጅ፣ ቀሪቦ እንዴት ነው የሚሠራው? ጠጥቼዋለሁ እንጂ ሲሠራ አላየሁም፣ እኛ ጋ የለም። ድፎ ዳቦስ? የበዓል ዋዜማ መብራት ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፣ ምድጃዬ ላይ ተማምኜ ሊጡ እንዳይቀርብኝ። ደግሞ ዳቦውን ማን ነው የሚቆርሰው? እኛ ቤት አባቴ ነበር፣ ጸልዮ። እዚህ ትልቋ ሰው እማማ ናቸው። እና ስለ ልጆቹም ንገሩኝ፣ እዚህ አበባዮሽ ይባላል? ችቦስ ይበራል?

የሂርማታ ልጅ፦

ቀሪቦ ቀላል ነው፣ የሚያስቸግረው ገብሱን መቁላቱ ብቻ ነው። ግማሽ ኪሎ ገብስ ለአምስት ሊትር ውሃ ይበቃል። ብረት ምጣድ ላይ ቆልተሽ ቡናማውን አልፎ ወደ ጥቁሩ ሲሄድ አቁሚ፤ ቀለሙን የሚሰጠው እሱ ነው። ከዚያ ውሃ ውስጥ ጨምረሽ ውሃው በደንብ እስኪጠቁር አፍይው። በጨርቅ አጥልዪው። ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፣ ትኩስ ላይ እርሾ ከጨመርሽ እርሾው ይሞታል። ሲቀዘቅዝ ግማሽ ኪሎ ያህል ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ በጥብጠሽ ጨምሪ፣ ክደኚውና ይደር። ጠዋት ቅመሺው፣ ስኳር ካነሰው ጨምሪ፣ በቃ። አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከቆየ እያኮመጠጠና እየከረረ ይሄዳል፣ ያኔ ከጠላ ጎራ ይገባል፣ የኛ ሰዎችም አይጠጡትም። ስለዚህ ሐሙስ ማታ ጥለሽ አርብ ይጠጣል። ሲያደርም ጀሪካኑን አጥብቀሽ አትክደኚው፣ ይነፋና ይፈነዳል።

ብርዙም እንደዚያው ነው፤ ማሩን አርብ ጠዋት በጥብጪው። ያደረ ብርዝ ወደ ጠጅ መንገድ ጀምሯል ማለት ነው።

ዳቦውን ባልሽ ይቁረስ፣ የቤቱ አባወራ እሱ ነው፣ ጸሎታችሁንም እንደ ልማዳችሁ አድርሱ። ከዚያ በኋላ ግን እማማን «ይመርቁን» በያቸው። በኦሮምኛ ይመርቃሉ፣ ረጅም ነው፤ ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ አገር ሁሉ ያነሳሉ። እናንተ «አሜን» እያላችሁ መቀበል ነው። እጃችሁን ዘርግታችሁ። መሀል ላይ ዳቦ የሚጎርስ ልጅ እንዳይኖር ብቻ ተቆጣጠሪ።

ኮረሪማ፦

ለድፎው መብራት ምን ይሠራልሻል? ከሰል ይበቃሻል። ኮባ ቅጠል ግቢሽ ባይኖር ጎረቤት አለ፣ ጅማ ላይ ኮባ አይገዛም፣ ይለመናል። ቅጠሉን እሳት ላይ ለብለብ አድርጊው፣ አለዚያ ስታጥፊው ይተረተራል። ሦስት ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ትንሽ ስኳር፣ ዘይት። እንቁላልም ወተትም የለበትም፣ ድፎ ድሮውንም የጾም ነው። ሐሙስ ከሰዓት አቡክተሽ ኩፍ ሲል መጥበሻው ላይ ኮባውን አንጥፈሽ ገልብጪው፣ ከላይም በኮባ ሸፍኚው፣ ክዳን ድፊበት። ከሥር እሳቱ ለስለስ ያለ፣ ከክዳኑ ላይ ደግሞ ፍም። የላዩ እሳት ነው ዳቦውን የሚያነሳው። ከሥር ከበዛ ታሳርሪዋለሽ። ሐሙስ ማታ ይውጣ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይደር፣ ጠዋት ትኩስ ከሆነው ይልቅ ለመቁረስ ይመቻል።

ከሰሉን ደግሞ ዛሬውኑ ገዝተሽ ቤት አስገቢው። መስከረም ላይ ጅማ ውስጥ ደረቅ ከሰል ማግኘት ራሱ ሎተሪ ነው።

የአጋሮ በር፦

ስለ ልጆቹ እኔ ልመልስ። አበባዮሽ እንዴት አይባልም! አርብ ጠዋት ገና ዓይንሽን ሳትገልጪ በር ላይ ናቸው። ሴቶቹ አደይ አበባቸውን ይዘው፣ ወንዶቹ የሣሉትን ሥዕል ይዘው። በእኛ ሰፈር የሙስሊም ልጆችም ከጓደኞቻቸው ጋር አብረው ይዞራሉ፣ ግጥሙን ደግሞ ከሌሎቹ በላይ የሚያወርዱት እነሱ ናቸው። ዝርዝር ብር ቀደም ብለሽ አዘጋጂ፤ ያን ቀን ጠዋት ሱቁ ሁሉ «ዝርዝር የለም» ነው የሚለው። አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ሥዕሉን ሲሰጡሽ ብር ወርውረሽ በሩን አትዝጊ። ልጆቹ ለሥዕሉ ብዙ ቀን ነው የሚደክሙት። ተቀብለሽ እዪው፣ ግድግዳ ላይ ለጥፊው። በአሁኑ ጊዜ የታተመ ካርድ ገዝተው የሚያዞሩ አሉ፣ የራሱን የሣለው ልጅ ትንሽ ጨመር ይደረግለት።

ችቦ ሐሙስ ማታ ይበራል፣ ዝናቡ ከፈቀደ። እንጨቱን ከአሁኑ ጣሪያ ሥር አስገቡት፣ በላስቲክ ጠቅልላችሁ። አለዚያ ጭስ ብቻ ነው የምታከብሩት። ከአጥሩ ራቅ አድርጋችሁ፣ ለእማማም አስቀድማችሁ ነግራችሁ። «ኢዮሃ አበባዬ» እያላችሁ ግቢውን ዙሩት፣ የዳውሮዎቹ ልጆች ካሉ ጥሯቸው።

ዩኒቨርሲቲ የምትማረዋን ልጅ ደግሞ እንደ እንግዳ አታስቀምጧት። ዋዜማውን ሽንኩርት ትላጥ። ከቤቱ የራቀ ሰው በበዓል ቀን ሥራ ሲሰጡት ነው ቤተሰብ የሚሆነው፣ እኔ ከአጋሮ መጥቼ ስማር አንዲት እናት እንደዚያ አድርገውኛል።

ከዳውሮ፦

ጥያቄው የኛንም ስለነካ ልግባ። የማወራው ስለ ጎረቤቶችሽ አይደለም፣ ስለ ራሴ ነው። እኛ አርብን አንጾምም፣ ግን የጾም ምግብ አንበላም ያለ የለም። ለኛ ብለሽ ለብቻ ሥጋ እንዳታስቢ፣ ያሳፍረናል። ይልቅ የምናመጣው ነገር አለ ወይ ብለው ሲጠይቁሽ «የለም የለም» አትበያቸው። አንድ ነገር ስጪያቸው፣ ጎመኑን ወይም ድንቹን ይሥሩት። ባዶ እጁን የመጣ ሰው በነጻነት አይበላም።

አዲስ ጎጆ፦

እሺ፣ ይኸው ተደላደለ። ጎመኑ ለጀርባ ቤት ተሰጥቷል፣ እሷም «በምን ዘይት ልሥራው?» ብላ የተነጠረውን ዘይት ከኔ ትወስዳለች። ተማሪዋ ሽንኩርቱን ተቀብላለች፣ ሦስት ኪሎ መሆኑን ግን አልነገርኳትም። ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኗል። ለእማማ ወንዶች ልጆች ስነግራቸው «ከጁምዓ በኋላ ነው አይደል?» አሉኝ፣ ቀድሜ ስላሰብኩት ደስ አላቸው። ሐሙስ ማታ ዶሮውን ባለቤቴ ራሱ ነው የሚሠራው። አሥራ ሁለቱን ብልት ከዩቲዩብ እያየ እየተማረ ነው፣ እስካሁን ዘጠኝ ላይ ደርሷል። በራሱ ድስት፣ በራሱ ከሰል፣ የእማማን ድስት እንዳይጠጋ ነግሬዋለሁ።

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ገብሱን መቼ ልቁላው? ሐሙስ ብዙ ሥራ አለብኝ።

የሂርማታ ልጅ፦

ማክሰኞ ቆልተሽ በደረቅ ዕቃ አስቀምጪው፣ ምንም አይሆንም። ውጭ ቁይው ግን። ጭሱ ቤት ከገባ የበዓል ልብስሽ ሁሉ የተቃጠለ ገብስ ነው የሚሸተው።